የሕፃን ነፍስ ያጠፋ ሰው እንዴት ይፈረድበታል? የአንባቢዎች የሕግ ጥያቄና መልስ

ከጎጃም አንባቢዎቻችን የደረሱንን የሕፃን ግድያን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ዛሬ በአንድነት አቅርበናል። የጠያቂዎችንም የሟቾችንም ስም አልጻፍንም። መልሶቹ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፣ በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግና በሕገ መንግሥቱ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። በቀበሌያችን አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ከጠፋች በማግሥቱ ወንዝ ዳር ሞታ ተገኘች። ሰዉ ተረባርቦ አነሣት፤ ቤት ገብታ ታጠበች፣ ተገነዘች፣ በዕለቱ ተቀበረች። ፖሊስ የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው። አንድ ሰው ተጠርጥሮ ተይዞ ነበር፤ ማስረጃ የለም ተብሎ ተለቀቀ። ምን መደረግ ነበረበት? አሁንስ የሚደረግ ነገር አለ? (ከቢቸና)

መልስ፦ እግዚአብሔር ወላጆቿን ያጽናቸው። ያደረጉት ማንም ወላጅ ለልጁ የሚያደርገውን ነውና የሚወቀስ የለም። ሆኖም የሕፃን ግድያ መዝገብ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ችሎት ላይ ሳይሆን ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ባሉት ሰዓታት ስለሆነ፣ ይህን ጥያቄ ከሌሎቹ ሰፋ አድርገን እንመልሳለን።

ትንፋሽ ካለ ሌላው ሁሉ ይቅር፤ ልጁን አንሥቶ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። መሞቱ እርግጥ ከሆነ ግን አስከሬኑ ካለበት አይነሣ። ሃያ ሠላሳ እርምጃ ያህል ዙሪያውን በገመድ ወይም በእሾህ አጥሮ ሁለት የታመኑ ሰዎች ማቆም ይገባል። ቢያንስ አንዱ የሟች ዘመድ ባይሆን ይመረጣል፤ ተከላካይ ጠበቃው «ቦታውን የጠበቁት ዘመዶቹ ናቸው» ብሎ መከራከሩ አይቀርም። መግቢያው አንድ ብቻ ይሁን፤ ማን በስንት ሰዓት እንደገባ በወረቀት ይያዝ። ዝናብ ካንዣበበ በእግር ዱካው ላይ ሳፋ ደፍቶ ጠርዙን በድንጋይ መያዝ ይቻላል። ለፖሊስ የተነገረበትንም ሰዓት ጻፉት፤ አቤቱታው ዘግይቶ የቀረበ ሲመስል «መክረው የፈጠሩት ነው» የሚል ክርክር ይነሣበታል።

አስከሬንን ከቤት በመጣ ጋቢ መሸፈን ልማድ ነው። ነገር ግን የጋቢው ጥጥና የቤተሰቡ ፀጉር ወደ ሟች ልብስ ስለሚተላለፍ፣ የባዕድ ሰው ፀጉር ቢኖር ከዚያ መሐል መለየት ያስቸግራል። መሸፈኑ ግድ ከሆነ ከሱቅ የመጣ አዲስ አቡጀዲ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከፋው እጥበቱ ነው። ሕፃን ሲታገል በጥፍሩ ሥር የገዳዩ ቆዳና ደም ሊቀር ይችላል። የተደፈረች ከሆነ ከሰውነቷ የሚወሰደው ናሙና ጥቅም የሚሰጠው በአብዛኛው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ከታጠበች በኋላ ግን ተስፋው የመነመነ ነው። ውኃ ውስጥ ለተገኘ ልጅ ደግሞ በአፍንጫና በአፍ ዙሪያ የሚታይ ነጭ ደቃቅ አረፋ ውኃው ውስጥ ሲገባ በሕይወት እንደነበረ ጠቋሚ ምልክት ነው። በነጠላ ጫፍ የጠረገው ሰው ያን ምልክት አጠፋው ማለት ነው። ስለዚህ አይታጠብ፣ አፉ አይጠረግ፣ ልብሱ አይውለቅ፤ ሁለቱ እጆች በንጹሕ የወረቀት ከረጢት ተሸፍነው አንጓው ላይ ላላ ተደርገው ይታሰሩ።

ልብስ ወይም ጫማ ለብቻው ወድቆ ከተገኘ አንሥቶ ማስቀመጥ የፖሊስ ሥራ ነው። ፖሊስ መድረስ በማይችልበት ጊዜ ግን፣ በተለይ መንገድ ሲዘጋ፣ እርጥቡን ልብስ ፀሐይ በማይመታው ቦታ በንጹሕ ወረቀት ላይ አድርቃችሁ በካኪ ፖስታ አስቀምጡ፤ እያንዳንዱ ዕቃ በየራሱ ፖስታ ይሁን። በፌስታል አታድርጉት። ፌስታል ውስጥ እርጥበቱ ይታፈንና ይሻግታል፤ ሻጋታውም ደሙን አበላሽቶ የዘረ መል ምርመራውን ከንቱ ያደርገዋል። ፖስታው ላይ ማን፣ የት፣ መቼ እንዳነሣው ይጻፍና ለፖሊስ በፊርማ ይሰጥ። ፎቶ ስታነሡ መጀመሪያ ከሩቅ ዛፉና መንገዱ እንዲታይ፣ ቀጥሎ ከመካከለኛ ርቀት፣ በመጨረሻ ከቅርብ አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጣችሁ አንሡ፤ እስክሪብቶው መጠኑን ያሳያል። ዋናው ፎቶ ከስልኩ አይጥፋ። በቴሌግራም ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል፣ የተነሣበት ሰዓትና ቦታም ከፋይሉ ሊጠፋ ይችላል። ፌስቡክ ላይ መለጠፍማ ለሕፃኑም ክብር ነውር ነው፤ ምስክሮችም በዓይናቸው ያዩትንና በስልክ ያዩትን እንዲያደባልቁ ያደርጋል።

አስከሬኑ ራሱ ሰዓት ይናገራል። የሰውነቱ መድረቅ ብዙውን ጊዜ ከሞተ በኋላ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ በ12 ሰዓት ገደማ መላ ሰውነትን ይይዛል፣ ከዚያም በአንድ ሁለት ቀን ይላላል፤ እንደ አባይ በረሃ ባለ ሙቀት ይፈጥናል፣ እንደ ጮቄ ባለ ብርድ ይዘገያል። ደም ወደ ታች ወርዶ የሚፈጥረው ወይን ጠጅ ቀለም ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ቦታውን ይይዛል። በግንባሯ ተደፍታ የተገኘች ልጅ ቀለሙ ጀርባዋ ላይ ከሆነ፣ ሌላ ቦታ ሞታ በኋላ የተጣለች መሆኗን መርማሪው ይረዳል። ይህን ሁሉ የሚያነበው ግን ሳይነካካ የደረሰው ሰው ነው።

ወደ ሐኪም የሚልከው ፖሊስ በደብዳቤ ነው። ጤና ጣቢያ ከላይ የሚታየውን መመዝገብ ይችላል፤ የሞቱ ምክንያት እንዲታወቅ ግን ወደ ሆስፒታል ይላክ ብላችሁ ጠይቁ። የሐኪሙ ማስረጃ እያንዳንዱ ቁስል የት እንዳለ፣ ርዝመቱንና ስፋቱን በሳንቲ ሜትር፣ ቀለሙን፣ በምን ዓይነት መሣሪያ ሊደርስ እንደሚችልና የሞቱን ምክንያት መያዝ አለበት። «ሞታ መጥታለች» የሚል ወረቀት ለክስ አይጠቅምም። ታንቆ ለሞተ ሕፃን ደግሞ መፍጠን የበለጠ ያስፈልጋል። በትልቅ ሰው አንገት ላይ በመታነቅ የሚሰበረው ትንሽ አጥንት በሕፃን ገና ለስላሳ ስለሆነ ላይሰበር ይችላል። መታነቁን የሚያሳየው በዓይን ሽፋን ውስጥ የሚገኘው የመርፌ ጫፍ የሚያክል የደም ነጠብጣብና የአንገት ሥጋ ውስጥ ያለው ደም ነው፤ ይህ ሲበሰብስ ይጠፋል። ቀብሩ በጥቂት ሰዓት ወይም በአንድ ቀን ቢዘገይ ጸሎተ ፍትሐቱን የሚያስቀር የለም፤ የደብሩ አባቶች አስቀድሞ ከተነገራቸው ይረዳሉ።

አሁን ምን ይደረግ ለሚለው፦ ተጠርጣሪው በምርመራ ላይ ሳለ በማስረጃ እጦት መለቀቁ በፍርድ ነፃ መባል አይደለም። አዲስ ማስረጃ ከተገኘ መዝገቡ ይንቀሳቀሳል። በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት ለሚያስቀጣ ወንጀል የክስ ማቅረቢያው ይርጋ (የጊዜ ገደብ) 25 ዓመት ነው። ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ዘግቶት ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቃችሁ ለበላይ ዐቃቤ ሕግ አቤት በሉ። ፍርድ ቤት ካዘዘ አስከሬን ከመቃብር ወጥቶ ይመረመራል፤ ሥጋው ቢጠፋም የራስ ቅል ስብራትና በአጥንት ላይ ያለ የስለት ምልክት ይቆያል። በአውጫጪኝ (የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ጥፋተኛውን በሚያጣራበት ሸንጎ) የተነገረው ደግሞ ለመርማሪው ፍንጭ ይሆናል እንጂ በራሱ ማስረጃ አይደለም። እዚያ የተናገረው ሰው ያየውን በምስክርነት ቃል ይስጥ።

ጥያቄ፦ እኔ ተከሳሹን ከልጁ ጋር አይቸዋለሁ። ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን ስሰጥ ተቻኩለው ጻፉ፣ ፈረምሁ። አሁን መጥሪያ መጣልኝ፤ የጻፉት ሰዓት ትክክል አይመስለኝም። የተከሳሹ ወንድሞችም ይዝቱብኛል። ምን ላድርግ? (ከሞጣ)

መልስ፦ ችሎቱ ከመድረሱ በፊት ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ ሄደው ቃልዎ እንዲነበብልዎ ይጠይቁ፣ የተሳሳተውንም ይንገሩት። ወደፊት ደግሞ የማንም ምስክር ቃል ተነቦለት ሳይሰማ አይፈረም፤ ስሕተት ካለ በዚያው ይታረም።

ገበሬ ምስክር የሚሰናከለው ብዙ ጊዜ በቀን ነው። «ኅዳር 13 ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት» ብሎ ያልለመደውን ቋንቋ ሲናገር ይስታል፤ መስቀለኛ ጥያቄ የሚያቀርበውም ጠበቃ ይህን ይጠብቃል። እርስዎ በሚያውቁት ይናገሩ፦ በሚካኤል ማግሥት፣ ከገበያ ስመለስ፣ ከብት ከመስክ ሊገባ ሲል። ሚካኤል 12 ስለሆነ ማግሥቱ 13 መሆኑን ዳኛውም ያውቃል። ሰዓት ካላዩ ሰዓት አይጥሩ። ርቀቱን በእርምጃ ወይም «ከዚህ እስከዚያ ግድግዳ» ብለው ያሳዩ። መሽቶ ከነበረ በምን ብርሃን እንዳዩት ይናገሩ፤ ጨረቃ ነበረች? ባትሪ ይዘው ነበር? የለበሰውን ልብስ ቀለም ካላስታወሱ «አላስታውስም» ማለት ነውር የለበትም፤ ገምቶ መናገር ነው የሚጎዳው። ከሰው የሰሙትን ካዩት ጋር አይቀላቅሉ። «እሱ ነው የገደላት» ማለት የምስክር ሥራ አይደለም፤ «እጇን ይዞ ወደ ባሕር ዛፉ ሲገባ አየሁ፣ ብቻውን ሲወጣ አየሁ» የሚለው ብቻውን ከብዙ ሐሜት ይበልጣል። በግድያው ሰዓት የዓይን ምስክር በማይኖርበት መዝገብ ፍርዱ የሚቆመው እንዲህ ያሉ የአካባቢ ማስረጃዎች ተያይዘው ወደ አንድ ሰው ብቻ ሲያመለክቱ ነው።

ዛቻውን ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለ፣ ማን እንደሰማ ይግለጹ። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት በሚያስቀጡ ወንጀሎች ላይ የሚመሰክርን ሰው ለመጠበቅ የወጣ ነው፤ ግድያ ከዚህ ይገባል። መጥሪያ ደርሶ አለመቅረብ ግን ታስሮ እንዲቀርብ የሚል ትእዛዝ ያስከትላል። ያዩት አረጋዊ ወይም ታማሚ ከሆኑ፣ በከባድ የሰው ግድያ ጉዳይ ቃላቸው በቀዳሚ ምርመራ ፍርድ ቤት ፊት እንዲመዘገብ ዐቃቤ ሕጉን ማሳሰብ ይጠቅማል፤ ከዚያ በኋላ ቢሞቱ ወይም ባይገኙ የተመዘገበው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብ ይችላል።

ጥያቄ፦ የሟች ወገን ነን። የገዳይ ቤተሰብ ሽማግሌና ካህናት ይዞ፣ መስቀል አስይዞ ለደም ማድረቅ መጣ። ብንታረቅ ክሱ ይቀራል ይላሉ። እውነት ነው? (ከደምበጫ)

መልስ፦ አይቀርም። ግድያ በግል አቤቱታ የሚከሰስበትና በይቅርታ የሚዘጋ ወንጀል አይደለም፤ ከሳሹ መንግሥት ነው። እርቁ የሁለቱን ወገን ደም መፋሰስ ያቆማል፤ ለዚህ ያለውን ዋጋ ማንም ጎጃሜ ያውቀዋል፣ እኛም እናከብረዋለን። ደም እንመልስ የሚል ወጣት በቤታችሁ ካለም ሽማግሌዎቹን ስሙ፤ እሱ የሚፈጽመው ግድያ በራሱ እንደ አዲስ ወንጀል ይከሰሳል።

ችግሩ እርቁ ላይ የሚጨመረው ቃል ነው። «ምስክር አትቁሙ»፣ «ያየ እንዳላየ ይሁን» የሚል ውል ከተጨመረበት ሽምግልናው ወደ ወንጀል ይሻገራል። በሐሰት መመስከርም፣ ምስክርን በገንዘብ ወይም በማስፈራራት ማስቀረትም ያስቀጣል። በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን ወይም የፈጻሚውን ማንነት እያወቁ ለሚመለከተው አካል አለማሳወቅም እንዲሁ። ለሽማግሌዎቹ በትሕትና «ደሙን እናደርቃለን፣ ምስክሩ ግን ያየውን ይናገራል» በሏቸው፤ ይህም በእርቁ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ተከሳሹ ከልቡ ተጸጽቶ፣ ራሱን አሳልፎ ሰጥቶ ወይም ካሳ ከፍሎ ከሆነ ፍርድ ቤቱ በቅጣት ማቅለያነት ሊይዝለት ይችላል። ከዚያ አያልፍም።

ጥያቄ፦ ሰውየው ፖሊስ ጣቢያ አምኖ ነበር፤ ቦታውንም መርቶ አሳይቷል። ችሎት ላይ ግን «ተደብድቤ ነው» ብሎ ካደ። አሁን ይለቀቃል ማለት ነው? ዳኞቹ «ይከላከል» ብለዋል፣ ይህስ ምንድን ነው? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ተገድዶ የተሰጠ ቃል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ተቀባይነት የለውም። ስለዚህ ጠንቃቃ መርማሪ የእምነት ቃሉን በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 35 መሠረት ፍርድ ቤት ፊት ያስመዘግባል፤ ዳኛውም በፈቃዱ የተሰጠ መሆኑን ሳያረጋግጥ አይመዘግብም። ይህ ሳይደረግ የቀረ የፖሊስ ጣቢያ ቃል በቀላሉ ይናጋል። መርቶ ማሳየቱ ግን የራሱ ክብደት አለው፤ በተለይ ማንም የማያውቀውን ነገር፣ ለምሳሌ የተቀበረ ጫማ ወይም ገደል የተጣለ ገመድ፣ ገለልተኛ ታዛቢዎች ባሉበት በቪዲዮ እየተቀረጸ አውጥቶ ከሆነ። ፖሊስ አስቀድሞ የሚያውቀውን ቦታ ማሳየቱ ግን ብዙም አይጠቅም።

«ይከላከል» ብይን ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ክሱ ይነበባል፣ ተከሳሹ የእምነት ክህደት ቃሉን ይሰጣል፣ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ይሰማሉ። ያ ማስረጃ በቂ ካልሆነ ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ይሰናበታል፤ በቂ መስሎ ከታየ ይከላከል ይባላል። ቀጥሎ መከላከያው ይሰማና የጥፋተኝነት ወይም የነፃነት ፍርድ ይሰጣል። ጥፋተኛ ከተባለ ሁለቱም ወገኖች የቅጣት አስተያየት ያቀርባሉ፤ ቅጣቱ የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው። በይከላከል ብይን ቀን ደግሶ የተመለሰ ቤተሰብ በኋላ ይደነግጣል፤ በመከላከያ ጊዜ «ሌላ ቦታ ነበርሁ» የሚሉ ምስክሮች የሚመጡት ገና ነውና መዝገቡን እስከ መጨረሻው መከታተል ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ በልጅ ግድያ የተጠረጠረ ሰው በዋስ ይወጣል? (ከአዴት)

መልስ፦ የተያዘ ሰው ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ፖሊስ ምርመራ ካልጨረሰ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም፣ ግን ሊደጋገም ይችላል። ተጎጂው በሞተበትና 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ሊያስከትል በሚችል ወንጀል ዋስትና አይፈቀድም። በቸልተኝነት የተከሰሰ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ በመኪና የገጨ፣ ዋስትና ሊፈቀድለት ይችላል።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የሰባት ዓመት ሕፃን ደፍሮ የገደለው ሰው 25 ዓመት ተፈረደበት መባሉን በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ስንሰማ አገር አዘነ። ሞት ወይም ዕድሜ ልክ ለምን አልሆነም? ሃያ አምስቱስ ዓመት በአመክሮ ስንት ይሆናል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የአንድን መዝገብ ውሳኔ በመጽሔት ላይ አንመረምርም፤ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ግን ማወቅ ለሁሉም ይጠቅማል፤ እኛም እንደ እናንተ አዝነናል።

የወንጀል ሕጉ ሆን ብሎ መግደልን በደረጃ ይከፍለዋል። አንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያ ነው፤ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። አንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። የሟች ሕፃን መሆን ብቻውን ጉዳዩን 539 ውስጥ አያስገባውም። 539 የሚያየው አስቦና ተዘጋጅቶ መግደሉን፣ የገዳዩን ጨካኝነት፣ ነውረኛነት ወይም አደገኛነት የሚያሳየውን ዓላማና መሣሪያ፣ ወይም ሌላ ወንጀል ለመፈጸም ወይም ለመደበቅ መግደሉን ነው። ደፍሮ እንዳትናገር የገደለ ሰው በዚህ በመጨረሻው ይያዛል፤ ይህ እንዲረጋገጥ ግን መድፈሩ በሐኪም ማስረጃ መረጋገጥ አለበት። ከረሜላ ገዝቶ ማባበሉ፣ ገመድ አስቀድሞ መያዙ፣ አስከሬኑን መደበቁ እያንዳንዱ የሚቆጠረው እዚህ ላይ ነው። የሟች ዕድሜ ደግሞ በአንቀጽ 84 ጠቅላላ ማክበጃ ይሆናል።

አንቀጽ 627 ከ13 ዓመት በታች ባለች ሕፃን ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ጥቃትን ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ጥቃቱ ሞት ካስከተለ ግን ዕድሜ ልክ ነው። በቁጥር የሚነገር ጽኑ እስራት ጣሪያው 25 ዓመት ነው። ተደራራቢ ወንጀሎች ተደምረው 40 ወይም 60 ቢሆኑም 25 ላይ ይቆማሉ፤ ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ ዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ ዳኛው ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ካልወሰነ የሚደርስበት ጫፍ 25 ነው። ስንት ዓመት እንደሚሆን የሚሰላው በፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 ደረጃዎች ነው። ዐቃቤ ሕግ ማክበጃዎችን በማስረጃ አስደግፎ ካላቀረበ ዳኛው በራሱ አይፈጥራቸውም፤ ቤተሰብ የሚያውቀውን ነገር ከቅጣት አስተያየቱ ቀን በፊት ለዐቃቤ ሕጉ መንገር ያለበት ለዚህ ነው።

የሞት ቅጣት በሕጉ አለ፤ አንቀጽ 117 ግን ወንጀሉ የተፈጸመ እንጂ ሙከራ እንዳይሆን፣ ምንም ማቅለያ እንዳይኖርና ፈጻሚው በወቅቱ 18 ዓመት የሞላው እንዲሆን ይጠይቃል። ርእሰ ብሔሩ ሳያጸድቀውም አይፈጸምም። በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ መፈጸሙ በይፋ የታወቀው በ1999 ዓ.ም. ነው።

አመክሮ የሚታየው ከእስራቱ ሁለት ሦስተኛው ሲፈጸም ነው፤ ለ25 ዓመት 16 ዓመት ከ8 ወር ማለት ነው። ለዕድሜ ልክ 20 ዓመት ነው። ጊዜው ስለደረሰ ብቻ በሩ አይከፈትም፤ ጠባዩ መታረሙ፣ በተቻለው መጠን ጉዳቱን መካሱም ይታያል።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት እረኛ ልጅ የጎረቤቱን የአምስት ዓመት ልጅ በድንጋይ መትቶ ገደለው። ሰዉ ይሰቀል ይላል። ሕጉ ምን ይላል? (ከቡሬ)

መልስ፦ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ወጣት ጥፋተኛ ነው፤ እንደ ትልቅ ሰው አይቀጣም፣ ከአዋቂ እስረኛ ጋርም አይታሰርም። ፖሊስ ወዲያው በአቅራቢያው ወዳለ የወረዳ ፍርድ ቤት ያቀርበዋል። ፍርድ ቤቱ ወደ ጠባይ ማረሚያ ከመላክ ጀምሮ ልዩ ልዩ እርምጃ ሊወስድ ይችላል፤ ወንጀሉ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ሆኖ እርምጃው ካላረመው እስራት ሊከተል ይችላል፣ ከ10 ዓመት ግን አይበልጥም። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በዕድሜው ላይ ነው፤ 15 ሞልቶታል አልሞላውም። የክርስትና ካርድ፣ የጤና ጣቢያ የክትባት ካርድና የትምህርት ቤት መዝገብ ቶሎ ይሰብሰቡ። እነዚህ ከሌሉ ሐኪም በአጥንት ምርመራ ይገምታል፤ ግምቱ ግን በዓመታት ሊሳሳት ይችላል።

ጥያቄ፦ ቤት ሠራተኛ የሆነች ልጅ ብቻዋን ወልዳ ሕፃኑን ገድላለች ተብላ ታሰረች። ዕድሜ ልክ ይፈረድባታል? (ከሉማሜ)

መልስ፦ እናት በምጥ ላይ ወይም ከምጡ በቀጥታ በሚመጣ ሁኔታ ውስጥ ሳለች ሕፃኗን ብትገድል አንቀጽ 544 በቀላል እስራት ነው የሚቀጣት። ስለዚህ ዛሬውኑ ሐኪም እንዲያያት፣ የወለደችበት ሰዓትና የደም መፍሰሷ እንዲመዘገብ ጠይቁላት። ሕፃኑ በሕይወት መወለዱም መረጋገጥ አለበት፤ ሞቶ የተወለደ ከሆነ ግድያ የለም። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌላት መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ያቆምላታል።

ጥያቄ፦ ልጄን የገደለው ሰው 12 ዓመት ተፈረደበት። አንሶኛል፤ ይግባኝ ማለት እችላለሁ? ካሳስ? (ከደጀን፣ አባት)

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት ወንድማችን። በወንጀሉ ይግባኝ የሚለው ዐቃቤ ሕግ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም፤ ግን እንዲጠይቅ ማመልከት ይችላሉ፣ መፍጠንም አለብዎት። የይግባኝ ማስታወቂያው ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ይሰጣል፤ የይግባኝ ቅሬታው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ጉዳዩ በዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታይቶ ከሆነ ይግባኙ ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ማመልከቻዎ አጭር ይሁን፤ የመዝገቡን ቁጥር፣ ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን፣ የትኛው ማክበጃ እንዳልታየ ይጥቀስ። «ፍርዱ አንሷል» ብቻ ብለው አይጻፉ። ለምሳሌ «ሦስተኛው ምስክር ተከሳሹ ከአንድ ቀን በፊት ሲዝት ሰምቻለሁ ያለው በፍርዱ አልተመዘነም» ቢሉ ዐቃቤ ሕጉ የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ካሳን በወንጀሉ ክስ መክፈቻ ላይ ማመልከት ይቻል ነበር። ካለፈም በፍትሐ ብሔር ለብቻው መክሰስ ይቻላል። የጊዜ ገደቡ ሁለት ዓመት ነው፤ የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ ከረዘመ ግን ረጅሙ ይያዛል። ለኀዘን የሚሰጠውን የሞራል ካሳ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እስከ 1000 ብር ብቻ ብሎ ገድቦታል፤ ለአንድ ልጅ ሕይወት ይህ ማነሱን ለመናገር ሕግ ማወቅ አያስፈልግም፣ ሊሻሻልም ይገባዋል። የሕክምና፣ የአስከሬን ማጓጓዣና የቀብር ወጪ ግን በዚህ ጣሪያ አይገደብም፤ የእያንዳንዱን ደረሰኝ ይያዙ፣ ደረሰኝ ለሌለው ወጪ ያዩ ሰዎችን ስም ይመዝግቡ።